የአሜሪካ ታሪክና ሕገ መንግሥት፦ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን የሚደጋገሙ ስህተቶችና እውነታው

ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ሁሉ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 17 ስለ ሕገ መንግሥቱ እንዲያስተምር በ2004 የወጣ ሕግ ያስገድደዋል። ቀኑ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው ስለሚውል ልጆች አዲሱን ደብተር ገና ሳይለምዱ የ1776ና የ1787 ጥያቄ ይዘው ቤት ይመጣሉ። ወላጅም ልጅም በእርግጠኝነት የሚናገሩት መልስ ታዲያ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው ትክክል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጄፈርሰን ሕገ መንግሥቱን ጁላይ 4 ቀን 1776 ጻፈው»

ሁለት ሰነዶች ተደባልቀዋል። በ1776 የጸደቀው የነጻነት መግለጫው ነው፤ የዚህ ዋና ጸሐፊ በእርግጥም ቶማስ ጄፈርሰን ነበር። ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው ግን ከ11 ዓመት በኋላ በፊላዴልፊያ ሲሆን ጄፈርሰን ያኔ በመልእክተኛነት ፓሪስ ነበር። ከተሳተፉት 55 ልዑካን 39ኙ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ፈረሙ፤ የመታሰቢያው ዕለትም የተመረጠው ለዚህ ነው። ጁላይ 4 ራሱ ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት የፊርማ ቀን አይደለም። ነጻነቱ በድምፅ የተወሰነው ጁላይ 2፣ ጽሑፉ የጸደቀው ጁላይ 4፣ አብዛኞቹ የፈረሙት ኦገስት 2 ነው። ለፈተና የሚረዳ መለያ፦ «ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» የሚለው ከመግለጫው፣ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» የሚለው ከሕገ መንግሥቱ ነው።

«መብቶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተዘርዝረው ነበር»

በ1787ቱ ጽሑፍ ጥቂት ጥበቃዎች ቢኖሩም የመብቶች ድንጋጌ የሚባለው በኋላ የታከለ ነው። ኮንግረስ በ1789 ለክፍለ ግዛቶች የላከው 12 ማሻሻያ ነበር፤ 10ሩ ዲሴምበር 15 ቀን 1791 ጸደቁ። ዛሬ «አንደኛ ማሻሻያ» የምንለው በዚያ ዝርዝር ሦስተኛ ነበር። ወድቀው ከቀሩት አንዱ፣ የኮንግረስ አባላትን ደመወዝ የሚመለከተው፣ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1992 ጸደቀና 27ኛው ሆነ።

«ሊንከን በ1863 ባሪያዎችን ሁሉ ነጻ አወጣ»

ፕሬዚዳንት ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ያወጣው የጃንዋሪ 1 ቀን 1863 አዋጅ የሚመለከተው ከሕብረቱ (ከፌደራሉ ወገን) ወጥተው ያመጹትን ክፍለ ግዛቶች ነበር፤ ከእነሱም ውስጥ የሕብረቱ ጦር የያዛቸው አንዳንድ ቦታዎች ተለይተው ቀርተዋል። ባርነት እያለባቸው ከሕብረቱ ያልወጡት ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪና ሚዙሪ አልተነኩም። ሊንከን አዋጁን ያወጣው በጦር አዛዥነቱ፣ እንደ ጦርነት እርምጃ በመሆኑ ባላመጸ ክፍለ ግዛት ላይ ሥልጣኑ አይዘልቅም ነበር። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ባርነት የቀረው ክፍለ ግዛቱ ኖቬምበር 1 ቀን 1864 በሥራ ላይ ባዋለው በራሱ አዲስ ሕገ መንግሥት ነው። በመላ አገሪቱ ሕገ ወጥ ያደረገው በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ነው።

«የመናገር ነጻነት ስላለኝ ማንም አፌን አይዘጋም»

ከሁሉም በላይ የሚሳተው ይህ ነው። የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው አንደኛው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። አሠሪ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ወይም የግል ትምህርት ቤት አይታሰርበትም፤ ልጁ የግል ትምህርት ቤት ከሆነ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ወላጅ የፈረመው ውልና የተማሪዎች ደንቡ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ራሱ መንግሥት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ተማሪን ለባንዲራ ቃል እንዲገባ ማስገደድ አይቻልም ብሏል፤ ዝም ማለት ይችላል፣ ሌሎቹን መረበሽ ግን አይችልም። በ1969 ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ተማሪዎች ረቱ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው «ንግግሩ ትምህርቱን በእጅጉ ያውካል ወይስ የሌሎችን መብት ይነካል?» የሚል ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ሐሳቡን አለመውደዱ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። ብልግና፣ ዕፅ መውሰድን የሚያበረታታ መልእክት፣ በክፍል ሥራነት የሚዘጋጅ የተማሪዎች ጋዜጣ ግን ለቁጥጥር የተጋለጡ ናቸው። «ስልኬ ላይ የለጠፍኩት ቤቴ ሆኜ ነው» የሚለውም ሙሉ መከላከያ አይደለም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2021 ውሳኔ ከግቢ ውጭ የትምህርት ቤቱን ሥልጣን አጠበበው እንጂ አላጠፋውም፤ ዛቻና በክፍል ጓደኛ ላይ የሚደርስ ከባድ ትንኮሳ አሁንም ያስቀጣል።

«በትምህርት ቤት መጸለይ ክልክል ነው»

በ1962 የተከለከለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀው ጸሎት ነው። ተማሪው በምሳ ሰዓት አማትቦ ቢበላ ወይም በዕረፍት ጊዜው ቢሰግድ፣ ትምህርት እስካላወከ ድረስ መብቱ ነው። ለገናም ሆነ ለኢድ የመቅረት ፈቃድ ግን እንደየዲስትሪክቱ (እንደየአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ስለሚለያይ ቀደም ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል።

«ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቦርሳዬን አይነኩም»

ለፖሊስ የሚሠራው ደንብ ለርዕሰ መምህር ይላላል። ከ1985 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ባለሥልጣን ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃዋል። ፍተሻው ግን ከተጠረጠረው ነገር ጋር መመጣጠን አለበት፤ አይቡፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ፍለጋ የ13 ዓመት ልጃገረድን ልብስ ማስወለቅ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ በ2009 ተወስኗል። ልጁ «አልፈቅድም» ማለት ይችላል፤ መታገል ግን ነገሩን ያባብሳል። እስከ 10 ቀን ለሚደርስ እገዳም በ1975 የተቀመጠ ሥርዓት አለ፦ ክሱ ይነገረዋል፣ ካላመነ ማስረጃው ይገለጽለታል፣ የራሱን ወገን የመናገር ዕድል ይሰጠዋል። የእገዳ ደብዳቤ የደረሰው ወላጅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እነዚህ ሦስቱ መፈጸማቸውን ነው።

«ፖሊሱ መብቴን ካላነበበልኝ ክሱ ይሰረዛል»

ይህ የፊልም ሕግ ነው። በ1966 የተወሰነው፣ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብትን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ሰው ተይዞ ሲጠየቅ ነው፤ ቢዘለል በመደበኛው ውድቅ የሚሆነው የሰጠው ቃል እንጂ ክሱ አይደለም።

«ሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ብቻ ነው»

በፌደራል ምርጫ መምረጥ አዎ፣ የዜጋ ነው። 14ኛው ማሻሻያ እኩል የሕግ ጥበቃ የሚሰጠው ግን ለማንኛውም «ሰው» ነው፤ በ1886 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናዊ የልብስ አጣቢ የረታው በዚሁ ቃል ነው። በ1982ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም አለ። ስለዚህ ለምዝገባ የልጁን ዕድሜ፣ ክትባቱንና በዲስትሪክቱ መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ክፍያ ደረሰኝ፣ ቢጠየቁ ያቅርቡ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚለው ሳጥን ባዶ ቢቀር ግን ልጁን አንመዘግብም ሊሉ አይችሉም።