ኖድ መለያ ፈንክሽን ምንድን ነው?

«አለ» የሚለውን ቃል ብቻውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሰው አሳዩት። ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ የሚነበበው? ላልቶ ከሆነ አንድ ሰው ተናግሯል። ጠብቆ ከሆነ አንድ ነገር ይገኛል። «እመጣለሁ አለ» እና «ወንድሜ ቤት አለ» ስትሉ ግን ማንም አይምታታበትም። ፊደሉ ያው ነው፤ የሚለየው ቃሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ኮድ ላይም እንደዚያው ነው። ኢቫል የሚባለው፣ የተሰጠውን ጽሑፍ እንደ ኮድ የሚያስኬደው አደገኛ ፈንክሽን ኮዳችሁ ውስጥ የት የት እንደተጠራ በተራ የጽሑፍ ፍለጋ ፈልጉ። ኮመንት (ለሰው ብቻ የተጻፈ ማስታወሻ) ውስጥ የተጻፈውንም፣ ስትሪንግ (በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) ውስጥ ያለውንም፣ በእርግጥ የተጠራውንም አንድ ላይ ዘርግፎ ያመጣላችኋል። ለዚህ ነው ስታቲክ አናሊሲስ፣ ማለትም ኮድን ሳያስኬዱ መፈተሽ፣ ጽሑፉን ትቶ ዛፉን የሚያነበው። ፓርሰሩ ኮዱን በትኖ ኤኤስቲ ወደሚባል ዛፍ ይለውጠዋል። የዛፉ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ኖድ ይባላል። ፍተሻው ከዚያ በኋላ በየኖዱ እየዞረ «አንተ ምንድን ነህ?» ማለት ነው።

ያንን ጥያቄ የምትጠይቀው ትንሽ ፈንክሽን ናት ኖድ መለያ የምላት። አንድ ኖድ ትቀበላለች፤ አዎ ወይም አይደለም ትላለች። በቃ። ስሟ ብዙ ጊዜ «ኢዝ» ብሎ ይጀምራል። ባቤል፣ ፓይሊንትና ኢኤስሊንት በሚባሉት ኮድ የሚለውጡ ወይም የሚፈትሹ መሣሪያዎች ውስጥ እንደዚህ ያሉ ፈንክሽኖች በብዛት አሉ።

«ዛፉ ራሱ የኖዱን ዓይነት ይነግረኝ የለ? ሌላ ፈንክሽን ምን ያደርግልኛል?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ መስመር ቀርበን እንይ፦

ዋጋ = 5

ይህ ትክክለኛ ፓይተን ነው፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደል በስም ውስጥ ይቀበላል። ዛፉ ላይ አሳይን የሚባል፣ ለስም ዋጋ መስጠትን የሚወክል ኖድ አለ፤ በግራው «ዋጋ» የሚል ስም፣ በቀኙ ኮንስታንት (በቀጥታ የተጻፈ ዋጋ) 5። «በቀኝ በኩል ያለው ቁጥር ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ኮንስታንት ከሆነና ውስጡ ቁጥር ካለ፣ ቁጥር ነው። አሁን አንዲት ጭረት እንጨምር፦

ዋጋ = -5

ለእኛ ይኸም ቁጥር ነው። ለፓይተን ዛፍ ግን አይደለም። ፓይተን ኔጋቲቭ ቁጥርን እንደ አንድ ነገር አያነበውም። «ምልክት ቀይር» የሚል ዩነሪኦፕ የሚባል ኖድ ይሠራና በስሩ 5ን ያስቀምጣል። ኮንስታንት ብቻ የሚፈልግ ፍተሻ -5ን ዝም ብሎ ያልፈዋል። በሌላ በኩል ትሩ እና ፎልስ (እውነት እና ሐሰት) በፓይተን የኢንቲጀር፣ ማለትም የሙሉ ቁጥር፣ ዘር ስለሆኑ ያው ፍተሻ እነሱን «ቁጥር ናቸው» ይላል። አንዱን ያስመልጣል፣ ሌላውን በሐሰት ይከሳል።

ስለዚህ የመለያዋ ሥራ የዛፉን ቋንቋ ወደ እኛ ቋንቋ ማምጣት ነው። «ቁጥር ነው?» የምትለው ፈንክሽን ውስጧ እንዲህ ይሆናል፦ ኮንስታንት ሆኖ ቁጥር ከያዘና ትሩ ወይም ፎልስ ካልሆነ፣ አዎ። የመቀነስ ወይም የመደመር ምልክት ያለበት ዩነሪኦፕ ሆኖ በስሩ እንደዚያ ያለ ቁጥር ካለ፣ አዎ። ሌላው ሁሉ አይደለም። አራት አምስት መስመር ብትሆን ነው። ግን አንዴ ተጽፋ፣ አንዴ ተፈትና፣ ሃያ የፍተሻ ደንብ ይጠራታል።

ይህን ንቀን ስናልፍ የሚመጣው ጥፋት ድምፅ የለውም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ፈንክሽን ማብራሪያ እንዳለው የሚፈትሽ ደንብ ጻፍኩ። ፈንክሽንዴፍ የሚባለውን ኖድ እየፈለገ ይፈትሻል። ውጤቱ አረንጓዴ። ሁላችንም ደስ አለን። ከሳምንታት በኋላ ነው ግማሹ ኮድ ጭራሽ እንዳልታየ የገባኝ። ከፓይተን 3.5 ጀምሮ «አሲንክ» ተብሎ የሚጻፍ ፈንክሽን አሲንክፈንክሽንዴፍ የሚባል የራሱ ኖድ አለው። ለእኔ ሁለቱም ፈንክሽን ናቸው፤ ለዛፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች። «ፈንክሽን ነው?» የምትል አንዲት መለያ ብትኖረኝ ኖሮ ማስተካከያው አንድ ቦታ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በየፋይሉ እየዞርኩ ለቀምኩት።

ቋንቋዎች ሲለወጡ ጥቅሟ የበለጠ ይታያል። በፓይተን 3.8 ቁጥርን፣ ስትሪንግን፣ ትሩና ፎልስን ይወክሉ የነበሩ የተለያዩ ኖዶች ወደ አንድ ኮንስታንት ተጠቃለሉ። የድሮዎቹ ስሞች በ3.14 ጭራሽ ወጡ። ጃቫስክሪፕት ላይም በ2020 እ.ኤ.አ. የጥያቄ ምልክትና ነጥብ አንድ ላይ የሚጻፉበት አጠራር ሲመጣ ጥሪውን ቼይንኤክስፕሬሽን በሚባል ሌላ ኖድ መጠቅለል ተጀመረ። ያን ጊዜ መለያ የነበራቸው ሰዎች ቅርፊቱን የምትልጥ አንዲት መስመር ጨምረው ቀጠሉ።

ሁሉንም ታውቃለች ማለት ግን አይደለም። ዛፉ የሚያውቀው አጻጻፍን ብቻ ነው። ኢቫል በሌላ ስም ተቀምጦ በዚያ ስም ቢጠራ፣ ስሙን ብቻ የምታይ መለያ አታገኘውም። ለዚያ ስሙ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ የሚከታተል ሥራ ያስፈልጋል፤ የፓይሊንት ጓዳ የሆነው አስትሮይድ ይህን ለማድረግ ይሞክራል።

አንድ ነገር ደግሞ በቀጥታ እኛን ይነካል። ጎ በሚባለው ቋንቋ አንድ ስም ለሌላ ፓኬጅ (ለሌላ የኮድ ጥቅል) ክፍት የሚሆነው በትልቅ ፊደል ከጀመረ ነው። በዚያ ቋንቋ ላይብረሪ ውስጥ ኢዝኤክስፖርትድ የምትባለው መለያ የምታየውም ይህንኑ ነው፦ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ነው ወይስ አይደለም? ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ስለዚህ «ሰላምታ» ብላችሁ የሰየማችሁት ፈንክሽን መቼም ቢሆን ከፓኬጁ አይወጣም። ለማውጣት ከፊቱ እንደ ላቲን ካለ ጽሕፈት የተወሰደ ትልቅ ፊደል መለጠፍ ግድ ነው።

ፓይተን ላይም ብዙ ሰው «ቋሚ ዋጋ ነው?» የሚለውን ስሙ ሙሉ በሙሉ በትልቅ ፊደል መጻፉን በማየት ይለያል። ኢዝአፐር ለሚባለው ሜተድ «ዋጋ»ን ብትሰጡት መልሱ ፎልስ ነው፤ በዚህ አለያየት «ዋጋ» መቼም ቋሚ ሊሆን አይችልም። እኔ የራሴን መለያ ስጽፍ ፊደሉን ማየት ትቼ ስሙ በፋይሉ አናት ላይ አንዴ ብቻ ዋጋ ተሰጥቶት ከዚያ አለመለወጡን እንድታይ አድርጌያታለሁ። ትንሽ ትረዝማለች፤ ግን በየትኛውም ፊደል ለተጻፈ ስም ትሠራለች።