የተበላሸ የጋራ ቴምፕሌት እንዴት ይመለሳል? ኢንተርፕራይዝ ግሎባል በከተማዋ ዳር ሳይቶች

ከአዲስ አበባ መሃል ወጣ ብሎ ወደ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ለሚሄድ ሰው የግንባታ ሳይት ብርቅ አይደለም። ቢሮው ኮንቴይነር ወይም የቆርቆሮ ክፍል ነው። ኦፊስ ኢንጂነሩ ሼዱል የሚያወጣውም የክፍያ ሰነድ የሚያዘጋጀውም እዚያው ነው። ብዙ ሳይት ያለው ኩባንያ ሼዱሎቹን አንድ ቦታ ለመያዝ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሰርቨርን ሊጠቀም ይችላል። ኢንተርፕራይዝ ግሎባል የሚባለው የጋራ ቴምፕሌት፣ ማለትም ሁሉም ሳይት የሚጋራው የአቀራረብ ንድፍ፣ የሚገኘው እዚህ ሰርቨር ላይ ነው።

ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የተባለው የሼዱል ፕሮግራም የተጫነበት እያንዳንዱ ኮምፒውተር ግሎባል ኤምፒቲ የተባለ የራሱ ቴምፕሌት አለው። ኢንተርፕራይዝ ግሎባል ደግሞ በሰርቨሩ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሰው ፕሮጀክት ፕሮፌሽናልን፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር የሚሠራውን የፕሮግራሙን ስሪት፣ ከፍቶ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ተደርበው ይጫናሉ። ቪው (ሼዱሉ በስክሪን ላይ የሚታይበት አቀራረብ)፣ ቴብል (የሚታዩት ዓምዶች ስብስብ)፣ ፊልተር (ማጣሪያ)፣ ግሩፕ (መመደቢያ)፣ ማክሮ (ተከታታይ ሥራን በአንዴ የሚያስፈጽም ትእዛዝ)፣ ሁሉም ከዚያ ይመጣሉ። ለምሳሌ ኩባንያው «የወር ክፍያ» የሚል ቪው ካዘጋጀ፣ ቂሊንጦ ያለውም ለገጣፎ ያለውም ኢንጂነር አንድ ዓይነት ዓምዶችን ያያል። ጥቅሙ ይህ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንድ የተበላሸ ቴብል የሁሉንም ሳይት ሥራ ያስተጓጉላል።

ብልሽቱ መልኩ ብዙ ነው። ቪው ሲከፈት ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ዓምዶች ይጠፋሉ፣ ወይም ፋይል ሲከፈት ድርቅ ብሎ ይቀራል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ቴምፕሌቱ እየተስተካከለ ሳለ ግንኙነቱ ቢበጠስ ጣጣው ቀላል አይደለም። ቴምፕሌቱ ለማስተካከል እንደተወሰደ፣ ማለትም ቼክ አውት እንደሆነ፣ ሊቀር ይችላል። ያኔ ሌላ ሰው ሊያርመው ሲሞክር ሰርቨሩ አይፈቅድለትም። ይህ ግን ብልሽት አይደለም። አስተዳዳሪው ከፕሮጀክት ዌብ አፕ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ድረ ገጽ፣ በግድ ቼክ ኢን ቢያደርገው (ወደ ቦታው ቢመልሰው) ይፈታል። ሰው ግን ይህንን ሳያይ ዳታቤዝ ወደ መመለስ ይሮጣል።

መጀመሪያ የሚጣራው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። በሌላ ኮምፒውተር፣ በሌላ ተጠቃሚ ስም ይከፈት። እዚያ ደህና ከሆነ ሰርቨሩ ንጹህ ነው፤ ችግሩ የአንዱ ማሽን ነው። በዚያ ማሽን ላይ ፕሮጀክትን ዘግቶ ግሎባል ኤምፒቲን በሌላ ስም መቀየር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ አዲስ ይፈጥራል። ፋይሉን መደምሰስ ግን አያስፈልግም፤ ሰውየው ለብቻው የሠራቸው ቪውዎችና ማክሮዎች እዚያ ውስጥ ናቸው።

ሁሉም ጋ ከተበላሸ ግን ነገሩ የሰርቨሩ ነው። ያኔ ከሁሉ በፊት ሌሊት በተቀጠረለት ሰዓት የሚሠራው ባካፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ይቁም። አድሚኒስትሬቲቭ ባካፕ የሚባለው መሣሪያ ፕሮጀክቶችን፣ ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን፣ የሰርቨር ቅንብሮችንና ሌሎችንም ለየብቻ ያስቀምጣል። ሌሊት ላይ ሥራውን ከቀጠለ ጥሩውን ቅጂ በተበላሸው ሊተካው ይችላል። ይህ በእኔ እምነት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ጥንቃቄ ነው። ቀጥሎ አድሚኒስትሬቲቭ ሪስቶር በሚባለው የመመለሻ መሣሪያ ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን ብቻ መርጦ መመለስ ይቻላል። የሳይቶቹ ሼዱል አይነካም።

ባካፕ ካልነበረ የሚቀረው ኦርጋናይዘር ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ኦርጋናይዘር ቪውን፣ ቴብልንና ፊልተርን ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ ይገለብጣል። ደህና ቅጂ ያለበት አሮጌ ፋይል ከተገኘ፣ ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን ከፍቶ የተበላሸውን ማውጣት፣ ጤነኛውን ማስገባት፣ ከዚያም ማስቀመጥና ቼክ ኢን ማድረግ ነው። አንድ በአንድ መሞከሩ ይሻላል፤ አለበለዚያ የትኛው ቴብል እንዳጠፋ አይታወቅም። በሰርቨሩ ላይ ካለ ነገር ጋር ስሙ የሚመሳሰል የግል ቪው ካለም ፕሮግራሙ ስም ቀይር ይላል፤ እሺ ብሎ መቀየር ነው። የዳታቤዙን ሰንጠረዥ በቀጥታ መነካካት ግን ማይክሮሶፍት የማይደግፈው ነገር ነው። የኤስኪውኤል ባካፕ፣ ማለትም የጠቅላላው ዳታቤዝ ቅጂ፣ ብቻ ካለ በሙከራ ሰርቨር ላይ አውጥቶ ከዚያ በኦርጋናይዘር ማምጣት ይሻላል።

ለወደፊቱ የሚረዳው አሠራር ቀላል ነው። ቴምፕሌቱ ከመስተካከሉ በፊት ባዶ ፕሮጀክት ይከፈትና በኦርጋናይዘር የቪውዎቹ ቅጂ ይቀመጥ። ፋይሉም ከቢሮው ኮምፒውተር ውጭ ይኑር። ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን የማስቀመጥ ፈቃድ ደግሞ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ ይሰጥ፤ ፕሮጀክት ሰርቨር ለዚህ ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው። ሁሉም ኢንጂነር ማስተካከል ከቻለ ጥፋቱ ከየትኛው ሳይት እንደመጣ መከታተል ይከብዳል።

ቴምፕሌቱ ከተመለሰ በኋላ ገና፣ ጥምቀትና መስቀል በሼዱሉ ላይ የሥራ ቀን ሆነው ከታዩ መደንገጥ አያስፈልግም። በአዲሶቹ ስሪቶች የድርጅቱ ካሌንደሮች ከኢንተርፕራይዝ ግሎባል ተለይተው በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ በዓላቱን ማጣራት ያለብን በፕሮጀክት ዌብ አፕ የካሌንደር ገጽ ላይ ነው።