የአደጋ ምላሽ አሠልጣኞችና አስተባባሪዎች ሥልጠና፦ ከጅማ ሲታይ

አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የእሳት አደጋ መኪናው እስኪመጣ እጁ ላይ ባለው ነገር ይታገላል። የማኅበረሰብ አደጋ ምላሽ ፕሮግራም ይህንን ጎረቤት አስቀድሞ ያዘጋጃል። ተራ አባላትን ማሠልጠን ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሁለት ዓይነት ሰው ማግኘት ነው፦ በቅጡ የሚያስተምር አሠልጣኝና ቡድኑ እንዳይበተን የሚይዝ አስተባባሪ።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1985 የጠነሰሰው የሎስ አንጀለስ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሲቲን ርዕደ መሬት መታት። ሥልጠና ያልነበራቸው በጎ ፈቃደኞች ከ800 በላይ ሰው ከፍርስራሽ አወጡ። ከእነሱ መካከል ግን ከ100 በላይ ሞቱ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ መላው አሜሪካ ተስፋፋ። እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ጨመረ። ለዚህ ነው አሠልጣኝ ከሁሉ በፊት «ቆም ብለህ እይ» የሚለውን ማስተማር ያለበት። ዘመዱ ፍርስራሽ ውስጥ የገባበትን ሰው «ቆይ» ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

መሠረታዊው ሥልጠና 20 ሰዓት ገደማ ነው። እሳት ማጥፋት፣ ደም ማቆም፣ ቀላል ፍለጋና ማዳን፣ የቡድን አደረጃጀት፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ይገኙበታል። አሠልጣኝ ለመሆን የፈለገ ሰው ይህንን ራሱ ጨርሶ ነው ወደ አሠልጣኞች ሥልጠና፣ እኛ ሀገር ቲኦቲ ወደምንለው የሚገባው። የቲኦቲ ልቡ መልሶ ማስተማር ነው። ሠልጣኙ አንድ ክፍል ይሰጠውና ጓደኞቹ ፊት ያስተምራል፤ እነሱም ይተቹታል።

ለምሳሌ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ይዞ ይቆማል። ፒኑን ይነቅላል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥራል፣ እጀታውን ይጫናል፣ ግራና ቀኝ ይጠርጋል። እስከዚህ ማንም ይደርሳል። ተቺዎቹ የሚያዩት ሌላ ነው። መውጫው ከጀርባው ነው? ሁለተኛ ሰው አብሮት አለ? እሳቱ በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልበረደ ጥሎ መውጣት እንዳለበት ተናግሯል? ትንሹ ሲሊንደር ከግማሽ ደቂቃ በታች እንደሚያልቅስ? በዘይት እሳት ላይ ውኃ እንዳይደፋ ማስጠንቀቅ የረሳ አሠልጣኝ ጅማ ምግብ ቤቶች መካከል ብዙ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የማዳኑም ትምህርት እንዲሁ ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዲጂኖና የአጣና ቁርጥራጭ ይበቃል። አንዱ በዲጂኖ ግድግዳውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ወዲያው እንጨት ይደግፍበታል፣ እንደገና ትንሽ ከፍ። የቸኮለ ሰው አንዴ ብድግ ያደርገውና ያመልጠዋል።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከዋና ከተማው እርዳታ መጠበቅ አያዋጣም። አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ግን አላት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር በማያያዝ ይታወቃል፤ ከተለያየ የትምህርት ክፍል የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ሕዝቡ መካከል ይሠራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት መግባት ያውቁበታል። ቀይ መስቀልም የመጀመሪያ እርዳታ ያሠለጥናል። እዚህ የሚያስተምር ሰው ታዲያ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ቢችል ነው የሚሻለው። በአንዱ ብቻ የሚያስተምር ግማሹን ሠፈር ያጣል።

አስተባባሪ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ጎበዝ አስተማሪ ጎበዝ አስተባባሪ ይሆናል ማለት አይደለም። የአስተባባሪዎች ሥልጠና የሚያተኩረው አባላትን መመልመልና ማቆየት፣ መዝገብ መያዝ፣ ዕቃ ማስተዳደር፣ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ከቀበሌ፣ ከፖሊስና ከሆስፒታል ጋር መናበብ፣ ልምምድ ማዘጋጀት ላይ ነው። አሰልቺ ይመስላል። ቡድን የሚሞተው ግን እዚህ ነው። አበል ሲቀር አዳራሹ ባዶ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

በእኔ ግምት የጅማ ትልቁ ሀብት እድር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የአባላት ዝርዝር አለው። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። የቀረ ሰው ይቀጣል። የትኛው ቤት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት እንዳለች፣ የትኛው ቤት አልጋ የያዘ ሰው እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል። አስተባባሪ ከውጭ ፈልጎ ከመሾም የእድር ጸሐፊን አሠልጥኖ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ማስጨመር ይቀላል፦ ማን ምን ሠለጠነ፣ መቼ ታደሰ፣ ሲሊንደሩ ማን ቤት ነው።

ልምምዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ «እሳት ጅማ መርካቶ ተነሳ፣ መንገዱ በባጃጅ ተዘግቷል፣ ምን እናድርግ?» እያሉ መነጋገር ነው። ሌላው ቁስለኛ የሚሆኑ ሰዎች አስተኝቶ በተግባር መሥራት ነው። ቀኑን መምረጥም የአስተባባሪው ፈንታ ነው። ሐሙስ ገበያ ነው፣ ሰው አይገኝም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ አለ። ጥርና የካቲት ይሻላሉ፤ ክረምቱ ገብቶ አዌቱ ወንዝ ከመሙላቱ በፊት አንድ የማደሻ ልምምድ ይጨመራል።