ወንድነት በፖለቲካ መድረክ

ወንድነት በፖለቲካ ሲባል ሥልጣን ላይ ወንዶች በዝተዋል ማለት ብቻ አይደለም። መሪ ምን መምሰል እንዳለበት፣ መቼ ቢቆጣ እንደሚያምርበት፣ ቢያለቅስ ምን እንደሚባል የሚወስን ያልተጻፈ ደንብም አለ። አውስትራሊያዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬዊን ኮኔል ከ1980ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ይህን «የበላይ ወንድነት» በሚል ሐሳብ ተንትነውታል። በአንድ ማኅበረሰብ ከሁሉ በላይ የሚከበር የወንድነት መልክ አለ፤ ይህ መልክ ሴቶችን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ወንዶችንም ከበታቹ ያሰልፋል። የሚገርመው፣ አብዛኛው ወንድ ራሱ አያሟላውም።

ይህን መልክ ለመላበስ ቀላሉ መንገድ ሰውነትን ማሳየት ነው። ሙሶሊኒ ደረቱን ገልጦ ከስንዴ አጫጆች ጋር ፎቶ ተነሥቷል። የቻይናው መሪ ማኦ ዜዱንግ በ1966፣ በ72 ዓመታቸው፣ ያንግትዜ ወንዝ ውስጥ ሲዋኙ ታይተዋል፤ አርጅተዋል ለሚል ሁሉ መልስ ነበር። ፑቲን በ2009 በሩሲያዋ ቱቫ ግዛት ውስጥ ያለ ሸሚዝ ፈረስ ሲጋልቡ የተነሡትን ፎቶ ያላየ ጥቂት ነው። መደበቅም ያው ሥራ ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ39 ዓመታቸው በሕመም እግራቸው ሽባ ሆኖ ሳለ፣ በሕዝብ ፊት በብረት ድጋፍና በሰው ክንድ ይቆሙ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የሚያሳዩ ፎቶዎች እጅግ ጥቂት ናቸው።

ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ የተሠራበት ስፌት ይታያል። በ1988 የአሜሪካ ምርጫ የዲሞክራቲክ ፓርቲው ዕጩ ማይክል ዱካኪስ በመከላከያ ጉዳይ ደካማ ናቸው እየተባሉ ይታሙ ነበር። አማካሪዎቻቸው ሚሺጋን ወደሚገኝ የታንክ ፋብሪካ ወሰዷቸው። ስማቸው የተጻፈበት ትልቅ ሄልሜት ደፍተው፣ ከታንኩ አናት ብቅ ብለው፣ ፈገግ እያሉ በሜዳው ዞሩ። የተሰበሰቡት ጋዜጠኞች ሳቁ፤ የተቀናቃኛቸው የጆርጅ ቡሽ (የአባትየው) ቡድንም ያንኑ ምስል የራሱ ማስታወቂያ አደረገው። ዱካኪስ እኮ ኮሪያ ድረስ ሄደው ያገለገሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ! ቡሽም ቢሆኑ አላመለጡም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ የተረፉ አብራሪ ሆነው ሳለ፣ ኒውስዊክ መጽሔት በ1987 የፊት ገጹ ላይ የልፍስፍስነት ስም ለጥፎባቸው ነበር። ያለፈ ታሪክ ብቻውን ለማንም ወንድነት አይመሰክርም፤ ዋናው መምሰል ነው፣ ያውም ለመምሰል ሲጥሩ ሳይታዩ።

እንባም እንዲሁ አንድ ትርጉም የለውም። በ1972 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሴናተር ኤድመንድ መስኪ በረዶ እየወረደ ሚስታቸውን ከጋዜጣ ስድብ ሲከላከሉ ድምፃቸው ተቆራረጠ። አለቀሱ ተብሎ ተጻፈ፤ እሳቸው ፊቴ ላይ የቀለጠ በረዶ ነው አሉ። ለፕሬዚዳንትነት የነበራቸው ተስፋ ከዚያ በኋላ ተዳከመ። የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ ግን በ1984 በቴሌቪዥን ፊት አልቅሰው፣ በዚያው ዓመት ምርጫ አሸነፉ። ልዩነቱን በእንባው መጠን መለካት አይቻልም፤ ሆክ አስቀድመው እንደ ጠንካራ ሰው የታወቁ ስለነበሩ ነው ባይ ነኝ።

ሴት ፖለቲከኞች ወደዚህ መድረክ ሲወጡ ልኩ የተሰፋው ለሌላ ሰው ነው። የብሪታንያዋ ማርጋሬት ታቸር በአሠልጣኝ እርዳታ ድምፃቸውን አወፈሩ። በ1976 የሶቪየት ጦር ጋዜጣ «የብረት እመቤት» ሲላቸው ስድቡን እንደ ሽልማት ተቀበሉት።

ልኩ የተሰፋው በሕግም ጭምር ነው። ፈረንሳይ በ1848 «ሁለንተናዊ የምርጫ መብት» ስታውጅ የሁሉም ወንዶች ማለቷ ነበር፤ ሴቶች መብቱን ያገኙት በ1944 ነው። ዜጋ የሚባለው መሣሪያ የሚያነሣው ነው የሚለው የቆየ ሐሳብ ደግሞ በስዊዘርላንዷ የአፔንዜል ኢነርሮደን ካንቶን (የራሷ አስተዳደር ያላት ክልል) በዓይን ይታያል። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እጅ በማንሣት ድምፅ ይሰጣል፤ የወንዱ የመራጭነት ማረጋገጫ በጎኑ የታጠቀው ጎራዴ ነው። ሴቶች ለካንቶኑ ጉዳይ መምረጥ የቻሉት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ1990 ከወሰነ በኋላ ነው። ዛሬም ወንዱ ጎራዴውን አሳይቶ መግባት ይችላል፤ ሴቷ የመራጭ ካርዷን ታወጣለች።