በካሊፎርኒያ አዲስ የዳኛ መደብ እንዴት ይከፈታል?

ካሊፎርኒያ 58 ካውንቲዎች አሏት። በእያንዳንዱ አንድ ሱፐርየር ኮርት አለ። ስሙ ትልቅ ይምሰል እንጂ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ፍቺ፣ የኪራይ ክርክር፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የግድያ ክስ ሁሉም የሚጀምረው እዚያ ነው።

የዳኞቹን ቁጥር የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ራሱ አይደለም። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለሕግ አውጪው ሰጥቶታል። ሕግ አውጪው መደቡን በሕግ ይከፍታል፣ በጀቱንም ያጸድቃል። ዳኛውን የሚሾመው ግን ገዥው ነው። በኋላ ወንበሩ ለካውንቲው መራጭ ይቀርባል፤ የሥራ ዘመኑም 6 ዓመት ነው። በኢትዮጵያ የክልል ዳኞችን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ለብዙዎቻችን አዲስ ነው።

የፍርድ ቤቶቹ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1997 ከካውንቲዎች ወደ ግዛቱ ዞረ፤ በ1998 ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤቶችን ከሱፐርየር ኮርት ጋር ማዋሃድ በሕዝብ ድምፅ ተፈቀደ።

ትልቁ ታሪክ የሚጀምረው በ2006 ነው። በዚያ ዓመት 50 አዳዲስ መደቦች በሕግ ተከፈቱ። በ2007 ሌላ 50 ተጨመረ። የ2007ቱ ሕግ 162 የኮሚሽነር (ፍርድ ቤቱ ራሱ የሚቀጥረው የዳኛ ረዳት) መደቦች ቀስ በቀስ ወደ ዳኛ መደብ እንዲቀየሩም ፈቀደ። የሁለተኛው ዙር 50 መደቦች ግን በጀት አላገኙም። የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና መደቦቹ ወረቀት ላይ ቀሩ።

ችግሩ የጠናው በሪቨርሳይድና በሳን በርናርዲኖ ነው። የሁለቱም ሕዝብ በፍጥነት ጨመረ፤ ዳኛው ግን አልጨመረም። በሪቨርሳይድ የወንጀል መዝገብ ከመከማቸቱ የተነሣ የፍትሐ ብሔር ባለጉዳዮች ረጅም ቀጠሮ ይጠብቁ ነበር። በ2007 ከሌላ ቦታ የተውጣጡ ዳኞች ለእርዳታ ተላኩ። በ2017 ከአላሜዳና ከሳንታ ክላራ ሁለት ሁለት ክፍት መደቦች ተወስደው ለሁለቱ ካውንቲዎች ተሰጡ። ያለውን ማሸጋሸግ ለአጣዳፊ ችግር ይረዳ ይሆናል፤ አዲስ ዳኛን ግን አይተካም።

ከዚያ ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ መጣ። በ2018 ለሪቨርሳይድ 2፣ በ2019 ደግሞ 25 መደቦች በጀት አገኙ። የቀሩት 23 የተሟሉት በ2022 ነው። ሕጉ ከወጣ 15 ዓመት ሆኖት ነበር!

አዲስ መደብ ለየትኛው ካውንቲ እንደሚገባ በግምት አይወሰንም። የፍርድ ቤቶቹ የበላይ አስተዳዳሪ ጁዲሻል ካውንስል በየሁለት ዓመቱ ጥሩ አድርጎ ያሰላዋል። እያንዳንዱ ዓይነት ጉዳይ የሚወስደው ደቂቃ ይለካል፤ በሚከፈቱት መዝገቦች ቁጥር ይባዛል። ከዚያ አንድ ዳኛ በዓመት ላለው 77,400 ደቂቃ ይካፈላል፤ የሚገኘው የሚያስፈልጉት ዳኞች ቁጥር ነው።

አንድ ዳኛ ሲጨመርም ብቻውን አይሠራም። ጸሐፊ፣ የችሎት ጥበቃ፣ ቃል መዝጋቢ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ለማይችል ባለጉዳይ ደግሞ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አማርኛ ተናጋሪውም ከእነዚህ አንዱ ነው።