«ከ18 በላይ ነኝ» የምትለው ቁልፍ ማንንም አታቆምም

ስለ ልጆችና ኢንተርኔት ሰሞኑን የማይወራበት ቦታ የለም። እንግሊዝ የወሲብ ድረ ገጾች የተጠቃሚውን ዕድሜ የግድ እንዲያጣሩ ከጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገድዳለች። አውስትራሊያ ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ቲክቶክና ኢንስታግራም የመሳሰሉት ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከለከለች። ወሬው ጅማም ቡና ላይ ሳይቀር ይነሳል። ከሚባለው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«የትውልድ ዘመን ይጠይቃል እኮ፣ ያ ይበቃል»

አይበቃም። የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ ይቻላላ! እኛ ጋ ደግሞ ልጁ ሳይዋሽም ያልፋል። መርካቶ ካሉት ሞባይል ቤቶች አንዱ ጋ ቆም ብላችሁ እዩ። ልጅ ከእናቱ ጋር ይመጣል፣ ስልክ ይገዛለታል፣ ሻጩ «ቆይ ጂሜይል ላውጣልህ» ይለዋል። መቼ ተወለድክ? «2006።» ሻጩም 2006 ብሎ ይሞላል። ልጁ እውነቱን ነው፣ በ2006 ዓ.ም. ነው የተወለደው፤ ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ገና 12 ዓመት የሆነውን ልጅ የ19 ወይም የ20 ዓመት ጎረምሳ አድርጎ ይመዘግበዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ምርቃት። ከዚያ በኋላ ዩቲዩብን የመሳሰሉት የጉግል መተግበሪያዎች ልጁን እንደ አዋቂ ነው የሚያዩት፣ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም በዚያው ልክ ይመጣል።

«13 ዓመት ከሞላው ችግር የለውም ማለት ነው»

መተግበሪያዎቹ አካውንት ለመክፈት የሚጠይቋት ይቺ 13 የምትባል ቁጥር የመጣችው አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጣችው ሕግ ነው። ሕጉ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ነው የሚለው። ዩቲዩብና ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሕጉ የ13 ዓመት ልጅ ለቲክቶክ ደርሷል አይልም።

«ዕድሜ ማጣራት ማለት መታወቂያህን ፎቶ አንስተህ መላክ ነው»

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፣ ፍርሃቱም እውነት አለው። ዲስኮርድ የተባለው የመወያያ መተግበሪያ በ2025 እ.ኤ.አ. አብሮት የሚሠራ ድርጅት ተጠልፎ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይወጣ እንዳልቀረ ራሱ ተናግሯል። ብዙዎቹ ፎቶዎች የተላኩት እንዲያውም ከዕድሜ ጋር ለተያያዘ አቤቱታ ነበር።

ግን መታወቂያ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ኩባንያዎቹ የመንግሥት መታወቂያን ብቸኛ አማራጭ ማድረግ አይችሉም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እየሞከረ ያለው መተግበሪያ ለድረ ገጹ «ከ18 በላይ ነው» የምትል መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ስም የለ፣ የልደት ቀን የለ። በር ላይ ያለ ጥበቃ ዕድሜህን አይቶ ማሳለፉና መታወቂያህን ኮፒ አድርጎ ማስቀረቱ አንድ ነው እንዴ? ፋይዳም አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ይዋል ከተባለ እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ባለ 12 አኃዙ ቁጥሬ ለማንም አይሄድም፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የምትለዋ ትሂድ።

በቴሌኮም በኩል ማጣራት የሚባልም አለ፣ እንግሊዝ ትቀበለዋለች። እኛ ቤት ግን ሲሙ በእናት ስም ነው፣ ስልኩን የያዘው ልጅ ነው። እንግዲህ ምን ሊያጣራ ነው?

«ካሜራው ፊት አይቶ ዕድሜ ያውቃል»

ይገምታል እንጂ አያውቅም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2024 እ.ኤ.አ. እነዚህን ፕሮግራሞች ፈትኖ ስህተቱ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ፆታውና እንደ ትውልድ አካባቢው እንደሚለያይ አሳይቷል፤ በሴቶች ፊት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ስህተቱ ይበዛል። የ30 ዓመት ሰው ከ10 ዓመት ልጅ ለመለየት ያገለግላል። 17ን ከ18 ለመለየት ግን፣ እንጃ፣ እኔ አላምነውም።

«ቪፒኤን ካለ ምን ዋጋ አለው»

ይህንን ለጅማ ልጅ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ለወራት ተዘግተው ሳለ ቪፒኤን (ሌላ አገር ያለህ የሚያስመስል መተግበሪያ) ያልጫነ ማን ነበር? እንግሊዝም ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ ሰሞን ቪፒኤን የሚያወርደው ሰው በአንዴ ጨምሯል። ግን ፈልጎ የሚሄድ የ17 ዓመት ልጅና ሳያስበው ድንገት እዚያ የሚወድቅ የ9 ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም፤ ማጣሪያው በዋናነት የሚይዘው ሁለተኛውን ነው። ይህም ቀላል አይደለም።

«ቅጣቱ ለወላጅ ነው፣ ደግሞም እኛን አይመለከተንም»

አውስትራሊያ ውስጥ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚቀጣው ኩባንያው ነው፣ ወላጅና ልጅ አይቀጡም። «አይመለከተንም» የሚለው ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። የእንግሊዝ ሕግ የሚጠብቀው የእንግሊዝን ልጅ ነው። ለንደን ላይ ማጣሪያ ያደረገ ድረ ገጽ ጅማ ላይ «ከ18 በላይ ነኝ» የምትለዋን ቁልፍ ብቻ ሊያቀርብ ይችላል። ልጁ ይጫናል፣ ይገባል።

ስለዚህ ሕግ እስኪመጣ ስልኩን አንሡና የልጁ አካውንት ላይ የተሞላውን የትውልድ ዘመን በፈረንጅ አስተካክሉ። ከዚያ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የወላጅ ቁጥጥሩን ክፈቱ። ፒን ይጠይቃል። ፒኑን እናንተ አውጡት፣ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ አያውጣላችሁ።