«ስንት ሜትር ነው?» አትበሉኝ

ሥራዬን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ «ወይ መታደል!» ይላል። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ «የዓለም ትልቁ ላይ ወጥተሃል? ስንት ሜትር ነው?» ከመዝናኛ ፓርክ መዝናኛ ፓርክ እየዞርኩ ሮለር ኮስተር፣ ማለትም ሽቅብ ቁልቁል በሚጠማዘዝ ሐዲድ ላይ የሚበር የመዝናኛ ባቡር፣ እሳፈራለሁ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ብዬ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያንኑ መልስ ስደጋግም አፌ ዝሏል፤ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«ስትጫወት ነው የምትውለው።» ስሰለፍ ነው የምውለው። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ፓርክ ውስጥ አሥር ሰዓት ሙሉ ቆይቼ ባቡሩ ላይ የነበርኩት በድምሩ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። ሌላው ፀሐይና የሰው ማጅራት።

«በነፃ ያስገቡሃል።» አዲስ ሲመረቅ አንዳንዴ ይጠሩናል። ከዚያ ውጪ ከፍዬ ነው የምገባው።

«ሽቅብ ሲወጣ ቀጭ ቀጭ የሚለው ሰንሰለቱ ሊበጠስ ሲል ነው።» ድምፁ የሰንሰለቱ አይደለም። ከባቡሩ ሥር ያለ የብረት ምላስ በሐዲዱ መሃል የተደረደረውን ጥርስ አንድ በአንድ እየዘለለ ሲወድቅ ነው የሚጮኸው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ምላሱ ጥርሱን ነክሶ ባቡሩን እዚያው ያቆመዋል። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ክንዴን ቧጥጣ ስታለቅስ ይህን ነገርኳት፤ ዝም አለች። ቁልቁል ስንወርድ እንደገና ቧጠጠችኝ።

«ስትገለበጥ የሚይዝህ ቀበቶው ነው።» ባቡሩ ተገልብጦ የሚያልፍበት ዙር በደንብ ከተሠራ ፍጥነቱ ራሱ ወደ መቀመጫው ይጫንሃል። እ.ኤ.አ. በ1895 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የነበረው ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ ሮለር ኮስተር ዙሩ ድፍን ክብ ስለነበር የሰው አንገት ይጎዳ ነበር። በ1976 ካሊፎርኒያ፣ ማጂክ ማውንቴን በሚባል ፓርክ ውስጥ የተከፈተው ሬቮሉሽን ግን ዙሩ እንደ እንባ ጠብታ ከላይ ጠበብ ያለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ረጅምና ፈጣን ከሆነ አሪፍ ነው።» ይሄ ያንገበግበኛል።

«ኪንግዳ ካ» የተባለውን ሮለር ኮስተር እንውሰድ። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ። ቁመቱ 139 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር። ለዓመታት በቁመት የሚያክለው አልነበረም። ተሳፍሬበታለሁ፤ እንደ ሁሉም ሰው ጮኼበታለሁ። ይተኮሳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዲት ጉብታ ያልፋል፣ ፍሬን። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ማታ ልጽፍ ስቀመጥ አንድ አንቀጽ አልወጣ አለኝ። በ2025 በፈንጂ አፈረሱት።

ፊኒክስን ደግሞ ተመልከቱ። ፔንሲልቬንያ፣ ኖብልስ በሚባል ፓርክ ውስጥ ያለ የእንጨት ሮለር ኮስተር ነው። ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነቱ 72 ኪሎ ሜትር ያህል። በ1947 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ነበር የተሠራው። በኋላ ፈታትተው፣ ጭነው፣ ፔንሲልቬንያ ላይ እንደገና ገጣጠሙትና በ1985 ተከፈተ። የሙያው ሰዎች በሚመርጡበት የጎልደን ቲኬት ሽልማት ከእንጨቶቹ አንደኛ የወጣው አንዴ ብቻ አይደለም።

ለምን? ከተነሳ ወዲያው ድቅድቅ ያለ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ጭናችሁ ላይ ያለችው አንድ ብረት ለሁለት ሰው ናት፤ አጥብቃ አትይዝም። መጨረሻ ላይ ትንንሾቹ ጉብታዎች ተከታትለው ሲመጡ ባቡሩ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ሰውነታችሁ ግን ወደ ላይ መሄዱን አልተወም። መቀመጫው ጥሏችሁ ይሄዳል። ጭናችሁ ብረቱን ይመታል፣ ትወድቃላችሁ፣ ሳትረጋጉ ሌላ ጉብታ። እኛ ኤርታይም የምንለው ይህን ነው። ይህን የሚሠራው የጉብታው አቀራረጽ ነው፤ ቁመቱ ብቻውን የትም አያደርስም።

አንዴ ተሳፍሮ «ደባሪ ነው» ለሚል ሰው ትዕግሥት የለኝም። የት ተቀመጥክ? ስንት ሰዓት ላይ? ፊት ወንበር ነፋስና እይታ አለው። ቁልቁለቱን የፈለገ ግን ኋላ ይቀመጥ፤ ፊተኛው ቀድሞ ስለወረደ ኋለኛውን መንጭቆ ነው የሚያወርደው። ጎማው አናት ላይ መቀመጥ ወገብ ይፈጃል። የእንጨቱ ደግሞ ውሎ ሲሞቅና ቅባቱ ሲላላ ፍጥነት ስለሚጨምር ማታ ድገሙት። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንዱን በብርድ ጠዋት፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ አንዴ ሞክሬ አብጠልጥዬው ጻፍኩ። በዓመቱ ማታ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ስቀመጥ በጻፍኩት አፈርኩ።

ረስቼው፤ «አንተ እኮ ፍርሃት አታውቅም» የሚሉኝም አሉ። መሰላል ላይ ሁለተኛውን እርከን አላልፍም። ቤቴ አምፖል ሲቃጠል የምጠራው ታናሽ እህቴን ነው።